«የአባዬን መኪና ሞተር በገዛ እጄ ልቀይረው ወይስ ይቅርብኝ?»

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሰው ነኝ። የምኖረው አዳማ ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፤ ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነኝ። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ትቶልን ከሄደው ነገር አንዷ በፈረንጆቹ 1983 የተሠራች ቶዮታ ዲኤክስ ናት። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው የገዛት። እሑድ እሑድ በእሷ ሶደሬ ይወስደን ነበር። ስትበላሽ የሚሠራት ራሱ ነው፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ ባትሪ አበራለት ነበር።

አባዬ ከታመመ ጀምሮ ያያት ሰው የለም። ዘይት ትበላ ነበር። ሰማያዊ ጭስ ታጨስ ነበር። ዳገት ላይ አቅም አልነበራትም። ካለፈው ዓመት ጥር ጀምሮ ደግሞ ጭራሽ አልነሳም ብላ ግቢያችን ውስጥ ኒሟ ሥር ቆማለች።

ሞተሯን ቀይሬ ላስነሳት ፈልጌያለሁ። ያላት ሞተር 4ኬ ነው። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ያገለገለ 5ኬ ሞተር አግኝቻለሁ፤ ሻጩ ከሚኒባስ የወረደ ነው ብሎኛል። ዋጋው ሁለት ዓመት ካጠራቀምኩት ከግማሽ በላይ ይወስዳል። ጋራዥ ባስገባት የእጅ ዋጋ ይጨመርበታል። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ራሴ ብሠራት ነው ደስ የሚለኝ። ካንዴላ ማጽዳት፣ የፍሬን ሸራ መቀየር እችላለሁ። ሞተር ግን አውርጄ አላውቅም። ኒሟ ወፍራም ቅርንጫፍ አላት፤ እዚያ ላይ ሰንሰለት አስሬ ለማውጣት አስቤያለሁ።

ያስቸገረኝ የሰው ነገር ነው። ለእናቴ ስነግራት «አትንካት» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሌላ ቀን ሳነሳባት ተነስታ ወጣች። ግን በየጠዋቱ የመኪናዋን መስታወት በጨርቅ ትወለውላለች። ባለቤቴ «ገንዘቡ የልጃችን ትምህርት ቤት ነው» ትላለች። አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሜ «ሽጣትና ተገላገል» ይለኛል። የአባዬ ወዳጅ የነበሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ ደግሞ «አንተ አትችለውም፣ ታበላሻታለህ፣ አምጣልኝ» አሉኝ። ይህ ቃል እስካሁን ያመኛል። ሻጩ ቶሎ ወስን እያለኝ ነው። ምን ላድርግ?

ሞተር የቆመበት፣ ከአዳማ

መልስ

ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ሁለት ዓመት ሲቆጥሩት ረጅም ነው፤ ለቤተሰብ ግን ገና ነው።

አስቀድሜ ስለ ሻጩ ልንገርህና እንለፈው። ደውልለትና «አሁን አልወስድም» በለው። ሌላ ሰው ከገዛው ይግዛው። ያገለገለ ሞተር ዛሬ ቢያመልጥህ ሌላ ቀን ሌላ ይመጣል። እናትህ ዝም እንዳሉ፣ ባለቤትህም ቅር እንዳላት በጥድፊያ የተገዛ ሞተር ግን ግቢ ከገባ በኋላ መመለሻ የለውም።

አሁን ወደ እናትህ ልምጣ። ደብዳቤህ ውስጥ አራት ሰው ተናግሯል። ባለቤትህ ስለ ገንዘብ፣ ወንድምህ ስለ መገላገል፣ መካኒኩ ስለ ችሎታህ። ስለ መኪናዋ የተናገሩት እናትህ ብቻ ናቸው። «ሽጣት» አላሉህም። «አትንካት» ነው ያሉህ። በእኔ አስተያየት ይህ ቃል «አልፈልጋትም» ከማለት በጣም የራቀ ነው። በየጠዋቱ የቆመች መኪና መስታወት የሚወለውል ሰው እኮ መኪናዋን አልረሳም። ምናልባት የሚከብዳቸው አባትህ በገዛ እጁ ሲፈታውና ሲገጥመው የኖረው ሞተር ተጎትቶ ወጥቶ ግቢው ጥግ ላይ ወድቆ ማየት ይሆናል። ምናልባትም ፍርሃታቸው ስለ አንተ ነው፤ ባላቸውን ቀብረው ልጃቸው መኪና ሥር ተኝቶ ማየት አይፈልጉ ይሆናል። እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቅም። አንተስ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ? «ልሥራት ወይ?» ብለህ ሳይሆን «እማዬ፣ ምኑ ነው የከበደሽ?» ብለህ?

እንዲህ ብታደርግ ደስ ይለኛል። አንድ ጠዋት ቀድመሃቸው ውጣና ጨርቅ ያዝ። እሳቸው የፊቱን መስታወት ሲወለውሉ አንተ የጎኑን ወልውል። ስለ ሞተር ምንም አታንሳ። አባትህ ሶደሬ መንገድ ላይ ሲነዳ ምን ይል እንደነበር ጠይቃቸው። ወሬው ራሱ መንገዱን ያገኛል። በዚያ ቀን ባያገኝም ቡና ሲፈላ ሌላ ቀን አለ።

ይህን የምልህ ለስሜት ብቻ አይደለም። ሊብሬው በማን ስም ነው? በአባትህ ስም ከሆነ ውሳኔው የአንተ ብቻ አይደለም። መኪናዋ የተገዛችው በትዳር ውስጥ ነውና ግማሿ የእናትህ ናት። ኑዛዜ ከሌለ የአባትህ ድርሻ ደግሞ ለልጆቹ ነው፤ ያ ማለት ወንድምህም አለበት። ሊብሬው ላይ ከሻንሲ ቁጥሩ አጠገብ የሞተር ቁጥር ተጽፏል። ሞተር ስትቀይር ያ ቁጥር መቀየር አለበት። ካልተቀየረ ለቦሎ ስትቀርብ ወይም አንድ ቀን ልትሸጣት ስትል ትቸገራለህ። በሟች ስም ያለን ሊብሬ ለማስተካከል ደግሞ መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት፣ ከዚያ ስም ማዛወር ይመጣል። ስለዚህ አንድ የሥራ ቀን ፈቃድ ውሰድና ሊብሬውን ይዘህ ትራንስፖርት ቢሮ ሂድ። ለሞተር ለውጥ ምን ምን እንደሚጠይቁ አስቀድመህ ጻፍ። ሻጩ ደረሰኝና ሞተሩ በቀረጥ የገባ ለመሆኑ ወረቀት ከሌለው፣ ሞተሩ ምንም ጥሩ ቢሆን አትግዛው። ከየትኛው መኪና እንደወረደ የማታውቀው ሞተር ነገ የሰው ንብረት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ለመሆኑ ሞተሩ በእርግጥ ሞቷል? ደብዳቤህን ሳነብ የተጠራጠርኩት እዚህ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከ30 ዓመት በላይ በመካኒክነት ሠርቷል፤ ደብዳቤህን አነበብኩለት። መጀመሪያ ያለኝ «ማጨሷና አለመነሳቷ ሁለት የተለያየ በሽታ ሊሆን ይችላል» ነው። አለመነሳቷ ከባትሪ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት ከሚሰጠው ኮይል ወይም ካርቡራተር ውስጥ ደርቆ ሙጫ ከሆነ የቆየ ቤንዚን ሊመጣ ይችላል። እነዚህ ሞተር አያስቀይሩም። ሰማያዊው ጭስ ግን ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። እስቲ አስታውስ፣ መቼ ነበር የምታጨሰው? ጠዋት ስትነሳና ቁልቁለት ወርዳ ነዳጅ ስትረግጥ ብቻ ከነበረ የቫልቭ ጎማዎቹ ናቸው የሚጠረጠሩት። እነሱ ሞተሩ ሳይወርድ ይቀየራሉ፤ ዋጋቸውም ከሞተር ጋር አይወዳደርም። ዳገት ላይ ጉልበት ስትጠየቅ ሳታቋርጥ ከነበረ ደግሞ ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት፣ የፒስተን ፋሻው፣ አልቋል ማለት ነው።

ከግምት የሚያወጣህ የኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየር የሚያምቁበት ግፊት፣ መለኪያ ነው። መግዛት የለብህም፤ ከጋራዥ ተውሰህ በግማሽ ቀን ትጨርሰዋለህ። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን በሙሉ ፍታ። ከዚያ ከፊት ያለውን የሞተሩን ትልቅ ብሎን በቁልፍ ይዘህ በእጅህ ቀስ ብለህ አዙር። ይህን ያህል ጊዜ የቆመ ሞተር በማስነሻው በሞተሪኖ ከመዞሩ በፊት በእጅ መዞሩን ማረጋገጥ አለብህ፤ እምቢ ካለ አታስገድደው። ከዞረ ባትሪውን ቻርጅ አስደርግ፣ የኮይሉን ገመድ ንቀል፣ አንድ ሰው ቤንዚን መርገጫውን እስከ ታች ረግጦ ሞተሪኖውን ይምታልህ። መለኪያውን በአራቱም ቀዳዳ በየተራ ያዝና ቁጥሮቹን ጻፍ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ዳርቻ ከፍታ የተጻፈ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ቁጥርህ ከመጽሐፉ ዝቅ ቢል አትደንግጥ፤ ሞተሩ ስላልሞቀም ትንሽ ይቀንሳል። ዋናው ነገር አራቱ መቀራረባቸው ነው። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከወረደ በዚያ ቀዳዳ አንድ ሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረህ ድገመው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቩ ወይም የሞተሩ የላይ ክዳን የቴስታታው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ ነው።

ፋሻው ሆኖ ቢገኝስ? ያኔም ቢሆን 5ኬውን ለመግዛት አትቸኩል። እኔ ብሆን የአባትህን ሞተር አድሰዋለሁ። ለምን መሰለህ፣ ማውረዱና መግጠሙ ያው ነው፤ የጓጓህለትን ሥራ በገዛ እጅህ ትሠራዋለህ። ብሎኩንና ክራንኩን፣ ማለትም የሞተሩን አካልና ዋና ዘንጉን፣ ብረት የሚሞረድበት ቶርኖ ቤት ወስደህ ታስለካለህ። ሲሊንደሮቹ ከተበሉ ይሞረዱና ከፍ ያለ ቁጥር ፒስተን ከነፋሻው ይገባል፤ ዘንጉ የሚዞርበት ብሮንዚናና ጓርኒሲዮኑ ይቀየራል። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ እንዳለ ይኖራል። ለእናትህም «የአባዬን ሞተር አውጥቼ ልጣለው» ከማለት «የአባዬን ሞተር ላድሰው» ማለት ሌላ ነገር ነው። በዋጋ የቱ እንደሚሻል ግን ቶርኖ ቤቱ ለክቶ ሳይነግርህ አትወስን። ብሎኩ ተሰንጥቆ ከተገኘ ነገሩ ያበቃል፤ ያኔ ወደ 5ኬው ትመለሳለህ።

እሱም ቢሆን መጥፎ ምርጫ አይደለም። የአንተው 1,290 ሲሲ ነው፤ 5ኬው 1,486 ሲሲ። ወደ አዲስ አበባ ስትወጣ ልዩነቱን እግርህ ሥር ታውቀዋለህ። ሁለቱ አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ካምቢዮህና የሞተሩ መያዣ ሱፖርት ብዙም አያስቸግሩህም። ከሚኒባስ የወረደ ከሆነ ግን የሥሩ ዘይት መያዣና የዘይት መሳቢያው ቅርጽ ከዲኤክስ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ የድሮውን አውጥተህ ለአዲሱ መግጠም ይኖርብህ ይሆናል። ከሞተሩ ኋላ ያለውን ከባድ ክብ ብረት፣ ቮላኖውንና ፍሪሲዮኑንም ጎን ለጎን አስቀምጠህ አወዳድር። የድሮ ሞተርህን ሁሉም ነገር ገጥሞ እስኪሠራ ድረስ አትሽጥ። አዲሱንም ቢሆን ኮምፕሬሽኑ ፊትህ ሳይለካ ገንዘብ አትክፈል።

አሁን ስለ ኒሟ ልናገር፤ እዚህ ላይ ልቆጣህ ነው። አይሆንም፤ በፍጹም። ሞተር ከነካምቢዮው ከአንድ ኩንታል በላይ ነው። የዛፍ ቅርንጫፍ ደግሞ «ልሰበር ነው» ብሎ አያስጠነቅቅም። ባለ ሦስት እግር የብረት ማንሻ ወይም የጋራዥ ክሬን ተከራይ፤ የአንድ ቀን ኪራይ ነው። መኪናዋን በክሪክ ብቻ አንስተህ ሥሯ አትግባ፤ የብረት ማቆሚያ አድርግላት። ግቢው አፈር ከሆነ ማቆሚያው እንዳይሰምጥ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ አንጥፍ። ሞተሩ ሲንጠለጠል ማንም ሰው፣ በተለይ ልጅህ፣ ከአጠገቡ እንዳይደርስ። እናትህ የፈሩት ይህንን ከሆነ ልክ ናቸው።

ሌላው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር ብሎን ነው። ወንድሜ በ19 ዓመቱ የመጀመሪያውን ሞተር ያወረደው ግቢያችን ውስጥ ነበር። የፈታውን ብሎን ሁሉ አንድ ትልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ጨመረው። በሦስተኛው ቀን ሊገጥም ሲል ጣሳውን ምንጣፍ ላይ ገለበጠና ዝም ብሎ አየው። ረጅሙና አጭሩ፣ ባለ 12 ቁልፉና ባለ 14ቱ ተደባልቋል። አንዱን ረጅም ብሎን አጭሩ ቦታ አስገብቶ ሲያጠብቅ የአሉሚኒየሙን ክዳን ሰነጠቀው። ያቺ መኪና ስምንት ወር ቆመች። እናቴ በዚያ ስምንት ወር አንድም ቀን አልተቆጣችውም፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ሲያነሳው ፊቱ ይለወጣል። ስለዚህ ትናንሽ ፌስታል ግዛ። ከየክፍሉ የፈታኸውን ለየብቻ ቋጥረህ ፕላስተር ለጥፍበትና ጻፍበት። ገመድና ቱቦ ከመንቀልህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ ከሩቅም ከቅርብም። ከሁሉ በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ ፍታ። የቤንዚኑን ቱቦ ድፈን። ሞተሩ ወጥቶ ሳለ የፍሪሲዮን ዲስኩንና ኩሽኔታውን፣ ከኋላ ያለውን የዘይት ማገጃ ጎማም ቀይር። ለእነሱ ሲባል ሞተር ድጋሚ ማውረድ ያስለቅሳል። የአዳማን ንፋስ ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ የተከፈተ ቀዳዳ ሁሉ ንጹሕ ጨርቅ ይደፈንበት። የገባ አቧራ ሲሊንደር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚፍቀው።

አንጋፋው መካኒክ «አትችለውም» ማለታቸው እንዳመመህ ገብቶኛል። በአባትህ ወዳጅ አፍ ሲሆን ደግሞ አባትህ ራሱ ያለህ ያህል ይሰማል። ግን እሳቸውም ወዳጃቸውን ነው ያጡት። «አምጣልኝ» ያሉት ለእሱ አንድ ነገር ለማድረግ ፈልገው ሊሆን አይችልም? ሄደህ እንዲህ በላቸው፦ «ጋሼ፣ ሥራው የእኔ ይሁን። እርስዎ ሦስት ቀን ብቻ አጠገቤ ይቁሙልኝ። ሞተሩ ሲወጣ፣ ሲገባና ሲነሳ።» ለእነዚያ ቀናት የሚገባቸውን ክፈላቸው፤ በነፃ አትጠይቅ። እሺ ካሉህ የአባትህን እጅ የሚያውቅ ሰው አጠገብህ አለ ማለት ነው። እምቢ ካሉ ሌላ ልምድ ያለው ሰው ፈልግ እንጂ ያለ ሰው አትጀምር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተር የሚያወርድ ሰው ብቻውን መሆን የለበትም።

ለባለቤትህ የምትለው አጭር ነው። የልጅህ የትምህርት ቤት ክፍያ መጀመሪያ ተለይቶ ይቀመጥ፤ እሱን የሚነካ ሞተር የለም። ከቀረው ላይ «ስንት ባወጣ ቅር አይልሽም?» ብለህ ጠይቃትና ያለችህን ቁጥር አክብር። ቁጥሯ ለሥራው ካልበቃ፣ እስኪበቃ አጠራቅም፤ መኪናዋ ከኒሟ ሥር የትም አትሄድም። ለወንድምህም ደውል። ወራሽ ነውና የሚፈርመው ነገር ይኖራል። ደግሞም እሱ ከሩቅ ሆኖ «ተገላገል» የሚለው እዚያ ቆማ ማየቱ ለእሱም ከብዶት ይሆናል።

ሞተሩ የገባ ቀን ወዲያው አታስነሳው። ካንዴላዎቹን ፈትተህ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙረው፤ ዘይቱ ብሮንዚናው ጋ ይድረስ። ራዲያተሩንም አስቀድመህ አሳጥበው፤ በአዳማ ሙቀት የታፈነ ራዲያተር የታደሰ ሞተርን ይገድላል። ከተነሳች በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት ከተማ ውስጥ ብቻ ንዳት። ቀጥሎ ወንጂ ደርሰህ ተመለስ። ሁሌ ከመንዳትህ በፊት ዘይቱንና ውኃውን እይ። ታድሶ ከሆነ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱን ቀይር። ለአዲስ አበባ ዳገት አትቸኩል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጨርቁና ሊብሬው ናቸው። ከእናትህ ጋር ከተነጋገራችሁና መለኪያውን ካገኘህ በኋላ አራቱን ቁጥሮች ጻፍልኝ፤ ከፊት ወደ ኋላ በተራ። ለወንድሜ አሳየዋለሁ።